የወር ገንዘባችንን በስልክ መያዝ፦ ነጻ የበጀት አፕ እንዴት ይመረጣል?



ካምፓስ ውስጥ አብዛኞቻችን ገንዘብ የምናገኘው በወር አንዴ ነው። ከቤተሰብ ይላክልናል፣ ነን ካፌ የሆነ ደግሞ የምግብ ገንዘቡን ይቀበላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ነገር ሰፊ ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ግን «ሁለት መቶ ብር ይኖርሃል?» የሚለው ጥያቄ ከዶርም ዶርም መዞር ይጀምራል። ገንዘቡ የት ገባ ብንባል መልስ የለንም። ትልቅ ነገር አልገዛንም። በሻይ፣ በፓኬጅ፣ በፎቶ ኮፒ፣ በባጃጅ እየተሸራረፈ ነው ያለቀው።

ይህ ገንዘብ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አንዱ አባት በሬ ሸጦ የላከው ነው፤ አንዷ እናት ከጉሊቷ ትርፍ የቀነሰችው ነው፤ አንዷ እህት ሪያድ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። እጃችን ላይ ያለ አማና ነውና የት እንደዋለ ማወቅ ይገባናል።

ስለ ቁጠባ ብዙ ሰምተናል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፦ ገቢና ወጪያችንን ለመመዝገብ በነጻ ከሚቀርቡልን አፖችና ድረ ገጾች ውስጥ የትኛውን እንያዝ? መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፦ ብዙ ነገር የሚሠራው አፕ ለእኛ ጥሩው አይደለም። ጥሩው ያለ ኔትወርክ የሚሠራ፣ ምስጢራችንን የማይጠይቅ፣ በፈለግን ጊዜ መዝገባችንን ይዘን እንድንወጣ የሚፈቅድ ነው። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

«ነጻ» ሲባል ማን ነው የሚከፍለው?

አፕ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ይፈልጋሉ፣ መረጃ የሚቀመጥበት ሰርቨርም ኪራይ አለው። ስለዚህ ነጻ የተባለ ነገር ሁሉ ወጪው በሆነ መንገድ ይሸፈናል። በበጀት አፖች ዘንድ የተለመዱት መንገዶች አራት ናቸው።

አንደኛው ማስታወቂያ ነው። አፑን በከፈታችሁ ቁጥር ማስታወቂያ ይመጣል። የሚመጣውን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ የውርርድና የወለድ ብድር ማስታወቂያም ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ያለቀበት ተማሪ የወጪ መዝገቡን ሲከፍት «አሁኑኑ ተበደር» የሚል ጽሑፍ ቢያይ ለማን ይጠቅማል?

ሁለተኛው የእናንተው መረጃ ነው። ምን እንደምትገዙ፣ በወር ስንት እንደሚገባላችሁ፣ መቼ እንደሚቸግራችሁ የሚያውቅ ድርጅት ያንን ዕውቀት ለሽያጭ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሦስተኛው ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን መሸጥ ነው። መሠረታዊው አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፣ ተጨማሪው ግን በዶላር ይከፈላል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነጻው ክፍል ለእኛ ይበቃል ወይ የሚለውን ቀድሞ ማየት ብቻ ነው።

አራተኛው በፈቃደኞች የሚሠራና ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ማንም ሰው ውስጡን ማየት ይችላል፤ ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ የለበትም። በአንጻሩ አንዳንዱን ለመጠቀም ትንሽ የኮምፒውተር ዕውቀት ይጠይቃል።

አንድ አፕ ከማውረዳችሁ በፊት «ይሄኛው ከአራቱ በየትኛው መንገድ ነው የሚኖረው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ብትተዉት ይሻላል።

ሚንት ምን ያስተምረናል?

በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ስሙ የተነሳው ነጻ የበጀት አገልግሎት ሚንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ። በ2009 ኢንቲዩት የተባለው ኩባንያ በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ተጠቃሚው የባንክ ሒሳቡን ከሚንት ጋር ካገናኘ በኋላ ወጪው ሁሉ ራሱ ተመዝግቦና ተመድቦ ይጠብቀዋል። ገንዘብ አልተጠየቀም። ሚንት ገቢውን ያገኝ የነበረው በአመዛኙ የክሬዲት ካርድና የብድር አቅራቢዎችን ለተጠቃሚዎቹ በማስተዋወቅ ነበር።

ይህ አገልግሎት በማርች 2024 ተዘጋ። ተጠቃሚዎቹ ክሬዲት ካርማ ወደሚባለው ሌላው የኢንቲዩት አገልግሎት እንዲሄዱ ተጋበዙ። እዚያ ግን እንደ ሚንት በየምድቡ ወርሃዊ በጀት የሚያዝበት ገጽታ አልነበረም። የዓመታት መዝገብ የነበራቸው ሰዎች መረጃቸውን በፋይል አውርደው ሌላ ቤት መፈለግ ነበረባቸው።

ከዚህ ለእኛ ሁለት ትምህርት ይወጣል። አንደኛ፣ ነጻ አገልግሎት ባለቤቱ በፈለገ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መዝገባችንን በማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም በሚከፈት ፋይል ማውጣት የሚያስችል መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ማረጋገጥ አለብን። ሁለተኛ፣ የሚንት ጥቅም በሙሉ የተንጠለጠለው ከባንክ ጋር በመገናኘቱ ላይ ነበር። በውጭ አገር የሚሠሩ የበጀት አፖች በአብዛኛው የሚያገናኙት የአሜሪካን፣ የካናዳንና የአውሮፓን ባንኮች ነው። የእኛ ባንኮችና ቴሌብር በዚያ ውስጥ የሉም። በውጭ ድረ ገጾች «ምርጥ የበጀት አፕ» ተብሎ የሚወደሰው ነገር ጥቅሙ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ለዚህ ነው። እኛ ወጪያችንን በእጃችን እንጽፋለን። በእርግጥ ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። ሃያ ብር ባወጣ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ሃያ ብሩን ያየዋል።

ከማውረዳችሁ በፊት ስድስት ጥያቄዎች

1. ያለ ኔትወርክ ይሠራል? ፓኬጅ ባለቀ ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቀን የማይከፈት መዝገብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይረሳል።

2. በብርና በአማርኛ መጻፍ ይቻላል? አንዳንዱ አፕ የዶላር ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየው። ምልክቱ ሒሳቡን አያበላሽም፤ ግን የወጪ ምድቦቹን «ሳሙናና ኦሞ»፣ «ሃንድአውት»፣ «ሶደቃ» ብላችሁ መሰየም ካልቻላችሁ የሌላ ሰው ኑሮ ነው የምትመዘግቡት።

3. የወሩን መጀመሪያ ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ? አብዛኛው አፕ ወሩን ከፈረንጆቹ ቀን 1 ይጀምራል። የእናንተ ገንዘብ ምናልባት የሚላከው በእኛ አቆጣጠር ወር በገባ በ5 ነው። በጀት የሚጀምረው ገንዘብ በገባ ቀን ነው።

4. ምን ፈቃድ ይጠይቃል? የወጪ መዝገብ ስልክ ቁጥሮቻችሁን፣ ያላችሁበትን ቦታና መልእክቶቻችሁን ማየት አያስፈልገውም። አንዳንድ አፖች የባንክ መልእክት አንብበው ራሳቸው እንዲመዘግቡ የኤስ ኤም ኤስ ፈቃድ ይጠይቃሉ። አስታውሱ፦ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድም የሚመጣው በኤስ ኤም ኤስ ነው። መልእክት እንዲያነብ የፈቀዳችሁለት ኮዱንም ያነባል።

5. መዝገቡን ማውጣት ይቻላል? ይህን ከሚንት ታሪክ አይተነዋል።

6. ብድርና ወለድ ውስጥ ያስገባል? አፑ ራሱ የብድር አገልግሎት ካለው ወይም ወደዚያ የሚመራ ከሆነ ለእኛ አይሆንም። ከሪባ ለመራቅ የምንይዘው መዝገብ ወደ ሪባ በር መክፈት የለበትም።

ያሉት አማራጮች

በእነዚህ ጥያቄዎች ዐይን የታወቁትን አማራጮች እንያቸው።

ደብተር። አትናቁት። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለውም። ጉድለቱ ራሱ አለመደመሩና ሲጠፋ ቅጂ የሌለው መሆኑ ነው። ስማርት ስልክ ለሌለው ተማሪ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ የሚደመር ደብተር ከማንም አፕ አያንስም።

ጉድበጀት። የፖስታ ዘዴ የሚባለውን ይከተላል። እናቶቻችን የወፍጮውን፣ የዘይቱንና የጨውን ብር ለየብቻ በጨርቅ ቋጥረው እንደሚያስቀምጡት ነው፤ የአንዱ ቋጠሮ ሲያልቅ ያለቀ መሆኑ ይታወቃል። ነጻው አገልግሎት የፖስታ ቁጥር ገደብ አለው፣ የሚከፈተውም በሁለት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ብቻ ነው። ለአንድ ተማሪ ግን ይበቃል። ወጪው በእጅ ስለሚጻፍ የባንክ ምስጢር አይጠይቅም። ቀመር መጻፍ ለማይወድ ሰው መልካም ምርጫ ነው።

ዋይናብ። በአሠራሩ የተመሰገነ ነው፤ እያንዳንዱን ብር ገና ሳይወጣ ሥራ ስጠው የሚል ዘዴ አለው። ለኮሌጅ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ነጻ አገልግሎት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ክፍያው በዶላር ነው። ዓመት ሙሉ የለመዱትን ነገር በዶላር መቀጠል ለእኛ ከባድ ነው። ዘዴውን ተምሮ በሌላ መዝገብ ላይ መጠቀም ግን ማንም አይከለክልም።

ግኑካሽ። ኮዱ ክፍት የሆነ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲሆን ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። በኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ መረጃው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጣል። አሠራሩ እያንዳንዱን ገንዘብ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ በሁለት ወገን የሚመዘግብ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ይለማመዱበታል። ለሌሎቻችን ሊከብድ ይችላል።

ከፕሌይ ስቶር የሚወርዱ የወጪ መመዝገቢያዎች። ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹም ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ማስታወቂያና ፈቃድ ላይ ግን ይለያያሉ። በፕሌይ ስቶር የእያንዳንዱ አፕ ገጽ ላይ ስለ መረጃ ደኅንነት የሚናገር ክፍል አለ፤ ምን እንደሚሰበስብና ለሌላ ይሰጥ እንደሆነ አፑን የሠራው አካል ራሱ ያሳወቀው ነው። ከማውረዳችሁ በፊት አንብቡት።

ጉግል ሺትስ። ይህ የበጀት አፕ አይደለም፤ ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ከጂሜይል አድራሻ በቀር ሌላ ነገር አይጠይቅም። በስልክም በኮምፒውተርም ይከፈታል። ፋይሉን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈት አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱን ያስተካክላል። በአማርኛ ይጻፍበታል። ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ብትሸጡት መዝገቡ በአካውንታችሁ ውስጥ ይቆያል። በፈለጋችሁ ቀን በኤክሴል ፋይል አውርዳችሁ ትወጣላችሁ። ጉግልም ትልቅ ድርጅት ነው፣ መረጃችን በእሱ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ከስድስቱ ጥያቄዎች አብዛኛውን የሚመልሰው ግን ይህ ነው። ለአብዛኞቻችን የምንመክረውም ይህንኑ ነው።

በሺትስ እንዴት እንጀምር?

አዲስ ፋይል ክፈቱና «በጀት» በሉት። ለእያንዳንዱ ወር ከታች አንድ ገጽ ይኑረው፦ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እያለ ይሄዳል። በገጹ ላይ አራት ዓምድ ብቻ አድርጉ፦ ቀን፣ ምን እንደተገዛ፣ ምድብ፣ ብር።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ተማሪ የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ቀን ነው። ሺትስ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። «5/2/2018» ብትጽፉ ጥቅምት 5 መሆኑን አይረዳም፤ የፈረንጆች 2018 አድርጎ ይወስደዋል። «30/2» ብትሉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ቀን መሆኑንም አይቀበልም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገጹ በወሩ ስም ስለተሰየመ በቀን ዓምድ ላይ «5» ወይም «30» ብቻ ጻፉ።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ጽዳት» እና «ፅዳት» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሶደቃ» እና «ሰደቃ»ም እንዲሁ። በአንዱ ቀን እንዲህ፣ በሌላው ቀን እንዲያ ከጻፋችሁ ድምሩ ይጎድላል። ስለዚህ የምድብ ዓምዱን ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጉት፤ በሺትስ ድሮፕ ዳውን ይባላል። አንዴ ካስተካከላችሁት በኋላ መጻፍ ሳይሆን መንካት ብቻ ነው።

ምድቦቹ ከስምንት አይብለጡ። ሲበዙ መምረጡ ራሱ ያሰለቻል። ምሳሌ እናድርገው፦ ካፌ የሚመገብና ከቤተሰብ በወር 2,500 ብር የሚላክለት ተማሪ አለ እንበል። ገንዘቡ በገባ ቀን እንዲህ ሊከፋፍለው ይችላል፦

ሶደቃና የጀመዓ መዋጮ 100
ዕዳ መክፈያ 200
ሳሙናና ንጽሕና 350
ፕሪንትና ሃንድአውት 250
ካርድና ፓኬጅ 300
ወደ ቤት መሄጃ ትራንስፖርት 400
ሻይና ተጨማሪ ምግብ 700
ለክፉ ቀን 200

ድምሩ 2,500 ነው፤ ያልተመደበ ብር የለም። ሶደቃና ዕዳ ከላይ የተቀመጡት በአጋጣሚ አይደለም። «ከተረፈ እሰጣለሁ» የተባለ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ከጎኑ ሌላ ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ምድብ፣ የታቀደ፣ የወጣ፣ የቀረ። «የወጣ» የሚለውን ራሱ እንዲደምር ሳምኢፍ የተባለ ቀመር አለ። ቀመሩ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃችኋል፦ ምድቦቹ የተጻፉበት ዓምድ የቱ ነው፣ የትኛውን ምድብ ልፈልግ፣ ብሩ የተጻፈበት ዓምድ የቱ ነው? «የቀረ» ማለት ከታቀደው ላይ የወጣው ሲቀነስ ነው። የኮምፒውተር ተማሪ የሆነ የዶርም ጓደኛ ካላችሁ በአሥር ደቂቃ ያሳያችኋል። ወር ሲለወጥ ገጹን ቅጂ አድርጋችሁ የድሮውን ወጪ ታጠፋላችሁ፤ ቀመሩ ይቀራል።

ጥቅሙ የሚታየው ወሩ ሲጋመስ ነው። ተማሪው በ12ኛው ቀን ሲያይ ከ700 ብር የሻይ ገንዘብ 420ው ወጥቷል እንበል። የቀረው 280 ብር ለ18 ቀን ነው፤ በቀን ከ16 ብር በታች ማለት ነው። ይህን በ12ኛው ቀን ያወቀ ሰው ማስተካከያ ጊዜ አለው። በ25ኛው ቀን ያወቀ ግን ያለው ምርጫ ብድር ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ማመሳከርን ልማድ አድርጉት፤ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ሊሆን ይችላል። በቴሌብር፣ በባንክና በኪሳችሁ ያለውን ደምሩ። መዝገቡ «የቀረ» ከሚለው ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ የቴሌብርን የግብይት ታሪክና የባንክ መልእክቶችን እያያችሁ የተረሳውን ሙሉ። የማስተላለፊያ የአገልግሎት ክፍያዎችን ብዙዎች የሚረሷቸው እዚህ ላይ ነው። ያልተገኘውን «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ። አንድ ቀን መዝገብ ጎደለ ተብሎ ሙሉ ወሩ አይጣልም።

አፖቹ የማያውቁት ወር

በፈረንጆች የተሠራ አፕ ዲሴምበር ላይ ወጪ እንደሚበዛ ያውቃል። ረመዷንን ግን አያውቅም። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዷን በየዓመቱ ቦታ ይለውጣል። ያለፈው ዓመት የመጋቢት ወጪ ለዘንድሮው መጋቢት መመሪያ አይሆንም። በሺትስ ላይ ለረመዷንና ለኢድ የተለየ ገጽ መክፈት ይቻላል፦ ለሱሑር፣ ለኢፍጣር መዋጮ፣ ለዘካተል ፊጥር፣ ለኢድ ወደ ቤት መሄጃ። ከሦስትና አራት ወር በፊት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ከተቀመጠ በረመዷን ውስጥ ሐሳባችን ወደ ዒባዳ እንጂ ወደ ኪሳችን አይሆንም።

እየነገዱ የሚማሩ እህት ወንድሞችም አሉን፤ ልብስ የሚሸጡ፣ ኦንላይን የሚሠሩ። ቁጠባቸው ወደ 85 ግራም ወርቅ ዋጋ የደረሰ ከሆነ ዘካ ይመጣል፤ ዓመቱም የሚቆጠረው በሒጅራ ነው። ገንዘቡ ኒሷብ የሞላበትን ቀን በሒጅራ አቆጣጠር መዝገቡ ላይ ጻፉት። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችን ጠይቁ።

የዕዳው ገጽ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ በሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ለተወሰነ ጊዜ የተበዳደሩ ሰዎች ዕዳውን እንዲጽፉና ምስክር እንዲያደርጉ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ተዘግቧል። እኛ ግን በዶርም ውስጥ ስንበዳደር መጻፍን እንደ አለመተማመን እናየዋለን። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አበዳሪው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ተበዳሪው ይረሳል፣ በሁለቱ መካከል ሰላምታው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ምረቃ ይመጣል፤ አንዱ ጅማ፣ ሌላው ደሴ ይሄዳል፣ ሐቁ በአንገት ላይ ይቀራል።

ብዙ የበጀት አፖች ወጪና ገቢን እንጂ እንዲህ ያለውን ብድር በቅጡ አይዙም። በሺትስ ግን አንድ ገጽ «ዕዳ» ብላችሁ ክፈቱ። ዓምዶቹ፦ ከማን ወይም ለማን፣ ስንት፣ መቼ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ማን ያውቃል፣ ተከፈለ ወይስ አልተከፈለም። ስትበደሩ ከሰውየው ፊት ጻፉት፤ ለማስታወስ እንጂ ለጥርጣሬ እንዳልሆነ ይገባዋል። ይህ ገጽ የሰው ምስጢር ስላለበት ለማንም አታጋሩት።

ገጹን በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ከብድሩ ስንቱ በእርግጥ ቸግሮት እንደነበር፣ ስንቱ ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሆነ ይለያል። በስልካችን ላይ በአንድ ንክኪ ብድር የሚሰጡ አገልግሎቶች በበዙበት ጊዜ ይህ መለየት ትልቅ ነገር ነው። ከወለድ ነጻ የሆነ ሒሳብ የምትፈልጉ የንግድ ባንክን ሲቢኢ ኑር ወይም ሙሉ በሙሉ በዚህ መርሕ የሚሠሩትን እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ባንኮች መጠየቅ ትችላላችሁ። የምትከፍቱት ሒሳብ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን ከመፈረማችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ።

የጀመዓ ገንዘብ የያዘ ሰው

የኢፍጣር መዋጮ፣ የችግረኛ ተማሪዎች ድጎማ ወይም የጉዞ ገንዘብ እጁ ላይ ያለ ሰው ከራሱ መዝገብ ጋር አይቀላቅለው። የተለየ ፋይል ይክፈትለት። ሺትስ እዚህ ላይ ሁለት ጥሩ ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ ለኮሚቴው አባላት ማየት ብቻ እንዲችሉ አድርጎ ማጋራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ፋይሉ የለውጥ ታሪክ ስላለው ማን መቼ ምን እንደቀየረ ይታያል። ይህ ገንዘብ ያዡን ከሐሜት ይጠብቀዋል፣ መዋጮ የሚሰጠውንም ሰው ልቡን ያሳርፈዋል። የድጎማ ተቀባዮችን ስም ግን በጋራ ፋይል ላይ አታድርጉ፤ ቁጥር ይበቃል። የተረጂን ክብር መጠበቅ ከሶደቃው አደብ ነው።

ሳይዘነጋ

የቴሌብርም ሆነ የባንክ ፒናችሁን በየትኛውም የበጀት አፕ ላይ አታስገቡ፣ በሠንጠረዡ ውስጥም አትጻፉ። ለመመዝገብ ፒን የሚጠይቅ አፕ መዝገብ አይደለም። በጂሜይል አካውንታችሁ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ። በኮምፒውተር ላብ ወይም በሰው ስልክ ከገባችሁ ስትጨርሱ ውጡ። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ድርጅቶች የሰውን መረጃ እንደፈለጉ እንዳያደርጉ ግዴታ ይጥላል። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ላለ አፕ ግን የመጀመሪያው ጠባቂ ራሳችሁ ናችሁ።

አሁን የቀረው መጀመር ነው። የሚቀጥለውን ወር መግቢያ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ያላችሁን ቁጠሩና በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት፤ በሁለተኛው መስመር ያለባችሁን ዕዳ አስፍሩ። ሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልተመቻችሁን ምድብ አስወግዱ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ቤተሰብ ደውሎ «የላክንልህ በቃህ? የላክንልሽ በቃሽ?» ሲል ከግምት ይልቅ ከመዝገብ መመለስ ለእነሱም ለእኛም እረፍት ነው።

አላህ በሪዝቃችን በረካ ያድርግልን፣ ከዕዳ ሸክምም ይጠብቀን።